የዘነበለ ብረት ውፍረትና የተኳሹ ቦታ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በአንድ የሒሳብ ጥያቄ ላይ ያተኩራል፤ ጥያቄው የሚነሳው ግን ከጨዋታ ጠረጴዛ ነው። ያለፉ ጦርነቶችን በካርታ፣ በካርድና በዳይስ እንደገና እየተጫወቱ የሚያጠኑ ሰዎች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። ነገሩ አዲስ አይደለም። በፕሩሲያ ሠራዊት ራይስቪትዝ የተባለ መኮንን ያዘጋጀው የጦርነት ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1824 ለመኮንኖች ማሠልጠኛ ሆኖ ሲቀርብ፣ በእኛም አገር የቤተ መንግሥት ሰዎች ሰንጠረዥ እየተጫወቱ ያመሹ ነበር። አሁን አንድ ወጣት ተነስቶ የ1969 እና የ1970 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነትን በጨዋታ መልክ ላዘጋጅ ቢል፣ በመጀመሪያው ሳምንት የሚገጥመው ጥያቄ ይኸው ነው፦ በእያንዳንዱ ታንክ ካርድ ላይ የፊት ብረቱን ጥንካሬ የሚያሳይ ምን ቁጥር ልጻፍ? ብረቱ ቀጥ ብሎ የቆመ ቢሆን መልሱ ቀላል ነበር። የአብዛኞቹ ታንኮች ፊት ግን ወደ ኋላ ዘንበል ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ስለዚህም ውፍረቱን ከማወቅ በተጨማሪ ማዘንበሉን መገመት ያስፈልጋል። በዚህ ዝግጅት የማስረዳችሁ አንድ ነገር ነው፦ የማዘንበል ጥቅም ከታንኩ ጋር ተበይዶ የሚዞር ንብረት አይደለም፤ ተኳሹ በቆመበት ቦታና ታንኩ በረገጠው መሬት ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ለሜዳማ አገር የተሰላ ቁጥር እንዳለ ገልብጦ የእኛን አገር ጦርነት ላጫውትበት የሚል ሰው ደግሞ ከመነሻው ይሳሳታል።

ከመሠረቱ እንነሳ። ዳቦ ስትቆርጡ ቢላውን ቀጥ አድርጋችሁ ብትሰዱት መንገዱ አጭር ነው፤ አጋድማችሁ ብትሰዱት ግን ቢላው በዚያው ዳቦ ውስጥ ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል። ዝርግ ብረትም እንዲሁ ነው። ከፊት ለፊት በአግድም የሚመጣ ጥይት የዘነበለውን ብረት ሰያፍ ሆኖ ስለሚያቋርጠው፣ የሚበሳው ብረት ከራሱ ከብረቱ ውፍረት ይበልጣል። ምን ያህል እንደሚበልጥ ለማወቅ የብረቱን ውፍረት ለማዘንበሉ ማዕዘን ኮሳይን ማካፈል ይበቃል። ኮሳይን ያስፈራችሁ ካላችሁ ሦስት ቁጥሮች ብቻ ያዙ፦ ብረቱ 30 ዲግሪ ቢያዘነብል ውፍረቱ አንድ ነጥብ አንድ አምስት እጥፍ ይሆናል፤ 45 ዲግሪ ቢያዘነብል አንድ ነጥብ አራት እጥፍ፤ 60 ዲግሪ ቢያዘነብል ሁለት እጥፍ። በዚያ ጦርነት ሶማሊያ ያሰለፈችው፣ ኋላም ከእኛ ወገን በብዛት የገባው ቲ-55 ታንክ የላይኛው የፊት ብረት 100 ሚሊሜትር ሲሆን 60 ዲግሪ ያዘነብላል፤ ስለዚህ በሜዳ ላይ ጥይት የሚያቋርጠው 200 ሚሊሜትር ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነቱ ቲ-34 በዚያው ማዕዘን 45 ሚሊሜትር አለው፤ 90 ይሆናል። ኢትዮጵያ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ከአሜሪካ ያገኘችው ቀላሉ ኤም-41 ደግሞ 25 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በ60 ዲግሪ 50 ቢሆን ነው። እዚህ ላይ ጀማሪን የሚጥል አንድ ወጥመድ አለ። ማዕዘኑ የሚለካው ቀጥ ብሎ ከቆመ መስመር ነው ወይስ ከመሬት? አንዳንዱ መጽሐፍ እንዲህ፣ አንዳንዱ እንዲያ ይጽፋል። ከቋሚ መስመር 60 የሆነው ከመሬት ሲለካ 30 ነው፤ ሁለቱን ያምታታ ሰው ለቲ-55 በ200 ፋንታ 115 ሚሊሜትር ጽፎ ያርፋል፤ የታንኩን ጥንካሬ በግማሽ ያህል ቀነሰው ማለት ነው።

ታንኩ በአጠገባችሁ ከሌለ ማዕዘኑን ከፎቶግራፍ መገመት ይቻላል። የሚያስፈልገው ከጎን የተነሳ ፎቶ፣ ማስመሪያና ፕሮትራክተር ነው። ፎቶው በትክክል ከጎን መነሳቱን የሚነግራችሁ መንኮራኩሩ ነው፦ ክብ ሆኖ ከታየ ከጎን ነው፤ ሞላላ ሆኖ ከታየ ካሜራው ሰያፍ ቆሟል፤ ያን ጊዜ የምትለኩት ማዕዘን ሐሰተኛ ነው። ርዝመት ለመለካትም ያው መንኮራኩር ያገለግላል፤ የቲ-55 መንኮራኩር ከዳር እስከ ዳር 81 ሴንቲሜትር ስለሆነ በፎቶው ላይ ያለውን ማንኛውንም ክፍል ከእርሱ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ሆኖም የማዕዘን ግምት ስሕተት በሁሉም ቦታ እኩል አይጎዳም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ነውና። 100 ሚሊሜትር ብረት 30 ዲግሪ አዘንብሎ እናንተ በሁለት ዲግሪ ብትሳሳቱ፣ ውጤቱ ከ113 እስከ 118 ሚሊሜትር ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ ልዩነቱ አምስት ሚሊሜትር አይሞላም። በ60 ዲግሪ ላይ ግን ያችው የሁለት ዲግሪ ስሕተት ውጤቱን ከ189 እስከ 213 ትዘረጋዋለች፤ ሃያ አራት ሚሊሜትር። ብረቱ ይበልጥ በተኛ ቁጥር የማዕዘኑ ግምት ይበልጥ ይፈርዳል። ስለዚህ የእጅ ፕሮትራክተር ይዞ ከፎቶ ለክቶ 203 ሚሊሜትር ነው ብሎ የሚጽፍ ሰው ያላገኘውን እርግጠኝነት እየጻፈ ነው። ከ190 እስከ 215 ብሎ ቢጽፍ እውነቱን ይጽፋል።

አንድ አስተዋይ አድማጭ እዚህ ላይ ሊጠይቅ ይችላል፦ ብረቱን በማጋደም ብቻ ውፍረቱ እጥፍ የሚሆን ከሆነ መሐንዲሶች ያለ ወጪ ትርፍ አገኙ ማለት ነው? አላገኙም። አንድ ሜትር ከፍታ ያለውን የታንክ ፊት ቀጥ ባለ ብረት ብትሸፍኑት አንድ ሜትር ብረት ይበቃል፤ በ60 ዲግሪ በተጋደመ ብረት ብትሸፍኑት ግን ሁለት ሜትር ያስፈልጋል። ስለዚህ 100 ሚሊሜትሩ የዘነበለ ብረትና 200 ሚሊሜትሩ ቀጥ ያለ ብረት ያንኑ ከፍታ ሲሸፍኑ ክብደታቸው እኩል ነው። ማዘንበል ክብደት ይቆጥባል የሚለው በየመድረኩ የሚሰማ አባባል፣ እንዲሁ በደፈናው ሲነገር ትክክል አይደለም። እውነተኛው ትርፍ ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ሰያፍ ሆኖ የተመታ ብረት ጥይቱን ይገፋዋል። የድሮው ሙሉ ብረት የመድፍ ጥይት አፍንጫው እየተንሸራተተ ይነጥራል፣ ወይም አካሉ ጠማማ ሆኖ ይሰበራል፤ ስለዚህ በ60 ዲግሪ የተጋደመ ብረት ለእንዲህ ዓይነቱ ጥይት ከሁለት እጥፍ በላይ ይከብደዋል። ቲ-34 በ1941 እ.ኤ.አ. ለጀርመኖቹ 37 ሚሊሜትር ፀረ-ታንክ መድፎች አልበሳ ያለው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ትርፍ ሁሉ ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ ላይ ያረፈ ነው፤ ጥይቱ በአግድም መምጣት አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። እስቲ ላምበረት መናኸሪያ አካባቢ ያላችሁ አድማጮች ፊታችሁን ወደ ሰሜን፣ ወደ የካ ተራራ አዙሩ። ክንዳችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ ጡጫችሁን ጨብጡ፤ ጡጫችሁ ከላይ እስከ ታች በዓይናችሁ ውስጥ የሚይዘው ስፋት አሥር ዲግሪ ገደማ ነው። ጡጫውን ከአድማሱ እየነባበራችሁ የተራራው ጫፍ ስንት ጡጫ ላይ እንዳለ ቁጠሩ። አሁን በዚያ ጫፍ ላይ ተኳሽ፣ በእናንተ ቦታ ደግሞ ፊቱን ወደ ተራራው ያዞረ ቲ-55 አለ ብላችሁ አስቡ። ጥይቱ ቁልቁል ስለሚመጣ፣ ብረቱ ወደ ኋላ ያዘነበለባትን ያችን 60 ዲግሪ ከላይ እየበላ ይመጣል። ተኳሹ በአምስት ዲግሪ ከፍ ቢል 60ው 55 ይሆናል፤ 200 የነበረውም ወደ 174 ሚሊሜትር ይወርዳል። በአሥራ አምስት ዲግሪ ከፍ ቢል ማዕዘኑ 45፣ ውፍረቱ 141 ይሆናል። በሠላሳ ዲግሪ ከፍ ቢል 115 ብቻ ይቀራል። ብረቱ ያው ብረት ነው፤ አንዲት ሚሊሜትር አልተፋቀችም። በጨዋታችሁ ውስጥ 150 ሚሊሜትር የሚበሳ መድፍ ቢኖር፣ ያ መድፍ ሜዳ ላይ ሆኖ ቲ-55ን ከፊት ለፊት ምንም አያደርገውም፤ አሥራ አምስት ዲግሪ ከፍ ካለ ኮረብታ ላይ ሆኖ ግን ይበሳዋል። አንድ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ካርድ ይህን ልዩነት ፈጽሞ ማሳየት አይችልም። ቀጥ ብሎ በቆመው የጎን ብረት ላይ ደግሞ የሚሆነው የተገላቢጦሽ ነው። የቲ-55 የጎን ብረት 80 ሚሊሜትር ሲሆን ቀጥ ያለ ነው፤ ከጎን በአሥራ አምስት ዲግሪ ቁልቁል ቢመታ 83 ሚሊሜትር ይሆናል፤ አይሳሳም፣ እንዲያውም በጥቂቱ ይወፍራል። ከፍታ የሚጎዳው በማዘንበሉ የተመካውን ክፍል ነው። ሜዳ ላይ የታንኩ ፊት ከጎኑ ሁለት እጥፍ ተኩል ይወፍር የነበረው፣ ከፍ ካለ ኮረብታ ሲታይ ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል።

ሁለተኛው ነገር ታንኩ ራሱ የቆመበት መሬት ነው። አፍንጫው በአሥር ዲግሪ ሽቅብ ያቀና ቲ-55፣ በአግድም ለሚተኩስበት ሰው የላይኛው ብረቱ 70 ዲግሪ ይተኛል፤ 292 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ከሜዳው በአንድ ተኩል እጥፍ ይጠነክራል ማለት ነው። ነገር ግን ከሥሩ ሌላ የፊት ብረት አለ፤ እርሱ ወደ ታችና ወደ ኋላ የተሰበረ ሆኖ በ55 ዲግሪ ያዘነብላል። አፍንጫው ቀና ሲል የዚያ ብረት ማዕዘን ወደ 45 ይወርዳል፤ 174 የነበረው 141 ይሆናል፤ ደግሞም ሜዳ ላይ በመሬቱ ቅርጽ ተሸሽጎ የነበረው ይህ ክፍል ለዓይን ይገለጣል። ታንኩ የኮረብታ አናት ሲሻገር ለአንድ አፍታ ሆዱን ያሳያል፤ የሆዱ ብረት ደግሞ ሁለት ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። ታንኩ ቁልቁል ሲወርድ ግልባጩን አስቡት፦ አፍንጫው በአሥር ዲግሪ ሲደፋ የላይኛው ብረት ማዕዘን 50 ይሆናል፣ ውፍረቱም 156። ተኳሹና ታንኩ በአንድ ወጥ ዳገት ላይ ሆነው፣ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች ፊት ለፊት ቢተያዩስ? ያን ጊዜ የጥይቱ መስመር ከመሬቱ ጋር ጎን ለጎን ስለሚሄድ ሁለቱ ይጣፋሉ፤ ሒሳቡ ልክ እንደ ሜዳ ነው። ብዙ ተጫዋቾች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ዳገት ባዩ ቁጥር ጉርሻ ይጨምራሉ። የሚያስፈልገው ዳገቱን ብቻ ማየት ሳይሆን በጥይቱ መስመርና በታንኩ ወለል መካከል ያለውን ማዕዘን ማግኘት ነው።

ይህን በምናውቀው መንገድ ላይ እንየው። ከላምበረት በኮተቤ አድርጎ የሚወጣው መንገድ ሰንዳፋንና ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። በ1928 ዓ.ም. ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የገሰገሰው የኢጣሊያ የሞተር ሠራዊት የመጣው በዚያ በኩል ነበር፤ ጣርማ በር ላይ መንገዱ ፈርሶ ስለጠበቀው ጥገና ለማድረግ ተገዶ ቆሟል፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገብቷል። ከደብረ ሲና ሽቅብ የሚወጣ ተሽከርካሪ በመንገዱ ዳገት ብቻ ቢለካ ማዕዘኑ የሚመስለውን ያህል አይደለም። በመንገድ ምልክት ላይ አሥር በመቶ ተብሎ የሚጻፈው ዳገት አሥር ዲግሪ ሳይሆን ስድስት ዲግሪ እንኳ የማይሞላ ነው። በጣርማ በር ዓይነት ቦታ ሒሳቡን የሚለውጠው መንገዱ ሳይሆን ከመንገዱ በላይ ያለው ገደል ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ የታንኩን ፊት አንዴ ወደ ገደሉ፣ አንዴ ወደ ሸለቆው ያዞረዋል፤ ከላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ የትኛውን ጎን ማየት እንደሚፈልግ መርጦ መጠበቅ ይችላል።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል፤ ሳልመልሰው ባልፍ ዝግጅቱ ጎደሎ ይሆናል። ተቃዋሚው እንዲህ ይላል፦ አሥራ አምስት ዲግሪ ብዙ ነው። ተኳሹ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ አሥራ አምስት ዲግሪ ከፍ እንዲል ከታንኩ በ268 ሜትር መብለጥ አለበት፤ ታንክ ለታንክ በሚደረግ ውጊያ እንዲህ ያለ ከፍታ ብርቅ ነው። ደግሞስ የቲ-55 መድፍ ወደ ታች ከአምስት ዲግሪ በላይ አይደፋም፤ ኮረብታ ጫፍ ላይ ደልዳላ ቦታ የቆመ ቲ-55 በአሥራ አምስት ዲግሪ ቁልቁል መተኮስ እንኳ አይችልም። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ተቃውሞው ግን ክርክሩን ሲያፈርሰው አላይም። ታንክ በታንክ ላይ ከሆነ ከፍታው በአብዛኛው ከአምስት ዲግሪ አይዘልም፤ እንበል። በአምስት ዲግሪ ብቻ 26 ሚሊሜትር ጠፍቷል፤ ይህም በፕሮትራክተር ስሕተት ካየነው ልዩነት በላይ ነው። ከቅርብ የሚተኩሰው ደግሞ እግረኛው ነው። በሁለት መቶ ሜትር ርቀት ላይ ለአሥራ አምስት ዲግሪ የሚያስፈልገው ከፍታ 54 ሜትር ብቻ ነው፤ ይህን ያህል ከፍታ ከአንድ ተራ ጉብታ ታገኙታላችሁ። የመድፉ ገደብም ቢሆን ለሁለቱም ወገን ይሠራል፤ ቲ-55 ወደ ላይ ከአሥራ ስምንት ዲግሪ ገደማ በላይ ስለማያቀና፣ ከዚያ በላይ ያለውን ተኳሽ ታንኩ በመድፉ ሊመልስለት አይችልም። ጨዋታው ከፍታን ከረሳ የሚረሳው ብረቱን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ጭምር ነው።

የጦርነቱ ታሪክም የሚናገረው ይህንኑ ነው። ካራማራ ከጅግጅጋ በስተምዕራብ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ የሚያልፍበት የተራራ በር ነው። በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅግጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ስትገባ፣ ያን በር የያዘ ወገን ሜዳውንና መንገዱን ቁልቁል እያየ ይተኩስ ነበር። የኢትዮጵያና የኩባ ሠራዊት ጅግጅጋን በየካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ሲያስለቅቅ ዋናው ኃይል በሩን ፊት ለፊት ከመግጠም ይልቅ ከሰሜን በኩል ተራራውን ዞሮ መጣ። ለዚህ ውሳኔ ብዙ ምክንያት አለ፤ የታንክ ብረት ሒሳብ ብቻ ወሰነው ማለት ድፍረት ይሆናል። ነገር ግን በጨዋታ ሰሌዳ ላይ ታንኮች በሩን ፊት ለፊት ሰብረው እንዲያልፉ የሚፈቅድ ቁጥር ያለው ካርድ፣ አዛዦቹ ለምን መዞርን እንደመረጡ ለተጫዋቹ ሊያስተምረው አይችልም። ከዚያ በፊትም በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ሽሬ ውስጥ በደምበጊና በር የራስ እምሩ ሰዎች የኢጣሊያን ትንንሽ ታንኮች ገጥመው ድል አድርገዋል። ሲቪ-33 የተባሉት እነዚህ ታንኮች ክብደታቸው ሦስት ቶን ገደማ ነበር፤ ሁለት ሰው ይይዛሉ፤ የሚበዛው የፊት ብረታቸው 14 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን መትረየሶቻቸውም በሚዞር ጉልላት ላይ አልተተከሉም። በጠባብ በር ውስጥ ገብተው ከተከበቡ በኋላ ከፊታቸው ውጭ የመጣን ሰው መምታት አልቻሉም። ከፊት ለፊት ለሚመጣ የጠመንጃ ጥይት የተሰላው ብረት፣ ከጎንና ከኋላ በእግሩ ቀርቦ ለሚመጣ ተዋጊ ምንም አልመለሰለትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሒሳብ አዋቂዎች የሚመጣ ነው፦ የኮሳይን ሕግ ለእውነተኛ ጥይት አይሠራም ይላሉ። ግማሹ ትክክል ነው። ቀደም ብዬ እንዳልኩት የድሮው ሙሉ ብረት ጥይት በተጋደመ ብረት ላይ ከኮሳይኑ በላይ ይቸገራል። ጥይቱ ከብረቱ እጅግ ሲወፍር ደግሞ ማዘንበሉ ዋጋ ያጣል፤ 100 ሚሊሜትር የሆነ የመድፍ ጥይት የኤም-41ን 25 ሚሊሜትር ብረት ሲመታ ብረቱ ይጠረመሳል እንጂ ጥይቱን ለማንሸራተት ጊዜ አያገኝም። እንደ ቲ-62 ካለ ታንክ የሚተኮሰው ክንፍ ያለው ቀጭን የቀስት ጥይት በአብዛኛው ከኮሳይኑ ሒሳብ ጋር ይቀራረባል። የአር.ፒ.ጂ. ዓይነቱ በፈንጂ ኃይል የሚበሳ ተተኳሽም ፊውዙ በትክክል ከፈነዳ የሚቆጥረው በመስመሩ ላይ ያለውን ብረት ነው። የመጀመሪያው የአር.ፒ.ጂ.-7 ተተኳሽ 260 ሚሊሜትር ገደማ ስለሚበሳ፣ ለቲ-55 ፊት 200 ይሁን 141 ይሁን ለእርሱ ልዩነት የለውም፤ ሁለቱንም ይበሳል። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ኮሳይኑን መጣል አይደለም፤ ጥረቴን የት ላውል የሚለውን መምረጥ ነው። መድፉ ከብረቱ በጣም በሚበልጥበት ወይም በጣም በሚያንስበት ቦታ፣ ማዕዘኑን በአንድ ዲግሪ ለማስተካከል መድከም ከንቱ ነው። የመድፉ የመብሳት ኃይልና የብረቱ ውፍረት ተቀራርበው በሚገኙበት ቦታ ግን እያንዳንዱ ዲግሪ ይፈርዳል፤ ተጫዋቹም ከፍታውን መቁጠር ያለበት እዚያ ነው። መድፉን የተሸከመው ጉልላት ደግሞ ለብቻው ነው። የቲ-55 ጉልላት ቀልጦ የተቀረጸ ክብ ነገር ስለሆነ አንድ ማዕዘን የለውም፤ ጥይቱ ያረፈባት እያንዳንዷ ነጥብ የራሷ ማዕዘንና የራሷ ውፍረት አላት። ተቀርጾ የተሠራ ብረት ተዳምጦ ከተሠራው በጥቂቱ እንደሚደክምም ማስታወስ ይገባል። ለጉልላት አንድ ቁጥር ከመጻፍ ዳይስ እንዲወስነው መተው የተሻለ እውነት ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከሁሉም የሚከብደው ነው። በኢትዮጵያና በሶማሊያ ጦርነት የሞቱት ሰዎች ልጆችና ወንድሞች ዛሬም አሉ፤ የእነርሱን ሞት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ዳይስ መወርወር ነውር አይደለም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፣ በቁም ነገር መመለስም አለበት። ድሉን ለማሞገስ ብቻ የተሠራ ጨዋታ እኔም አልወደውም። ነገር ግን አንድ ሰው አንዲት ብርጌድ ለምን በአንድ በር እንዳለፈች፣ ታንኮቹ ለምን ከኋላ እንደቀሩ፣ እግረኛው ለምን ያን ያህል ዋጋ እንደከፈለ በቁጥር ቢመረምር የሞቱትን አያቃልላቸውም። የሚያቃልላቸው ቁጥሩን ማዛባት ነው፤ በካርዱ ላይ የማይበሳ ታንክ የተሳለለት ተጫዋች፣ ያን ታንክ በባዶ እጁና በቦምብ የገጠመው ሰው ምን እንዳደረገ ሊገባው አይችልም።

ቀሪው ጉዳይ አሠራሩ ነው። ጨዋታ ቀላል መሆን አለበት የሚለው አስተያየት ትክክል ነው፤ በየተኩሱ ኮሳይን ማስላት ማንንም ያሰለቻል። ስለዚህ ለቲ-55 የላይኛው ፊት በካርዱ ላይ አራት ቁጥር ጻፉ፦ ለሜዳ 200፣ ለአምስት ዲግሪ ከፍታ 175፣ ለአሥራ አምስት 140፣ ለሠላሳ 115። ተኳሹ ከታንኩ አፍንጫ አቅጣጫ በጎን በኩል 30 ዲግሪ ፈንጠር ብሎ ሜዳ ላይ ከቆመ፣ ጥይቱ ብረቱን ወደ ጎንም ሰያፍ ሆኖ ስለሚያቋርጠው የሜዳውን ቁጥር ወደ 230 ከፍ አድርጉት። ለታችኛው የፊት ብረት በሜዳ 175 ያዙ፤ ታንኩ የኮረብታ አናት እየተሻገረ ከሆነ ግን 140 አድርጉት፤ በዚያች ቅጽበት ከፊቱ ዝቅ ብሎ ያለ ተኳሽ ሆዱንም የመምታት ዕድል ይኑረው። ለጎን 80 ጻፉ፤ ከፍታው እምብዛም አይለውጠውም። የእያንዳንዱን ቁጥር እርግጠኝነት ለመግለጽ አንድ ዳይስ ጨምሩ፤ ሲጣል በ60 ዲግሪ ብረት ላይ ውጤቱን እስከ 12 ሚሊሜትር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይግፋው፤ በ30 ዲግሪ ላይ ግን ከሦስት ሚሊሜትር አያሳልፈው። በካርታው ላይ የከፍታ መስመሮቹ በየስንት ሜትሩ እንደተሠመሩ ካወቃችሁ፣ በተኳሹና በታንኩ መካከል ያለውን የከፍታ ልዩነት በሜትር ለርቀቱ በሜትር አካፍሉ፤ ውጤቱ ወደ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዘጠኝ ከሆነ አምስት ዲግሪ ነው፤ ወደ ዜሮ ነጥብ ሁለት ሰባት ከሆነ አሥራ አምስት፤ ወደ ዜሮ ነጥብ አምስት ስምንት ከሆነ ሠላሳ። ከካራማራ ካርታ በፊት መሞከር የሚፈልግ ሰው ላምበረትንና የካ ተራራን የያዘ የከፍታ መስመር ያለው ካርታ ወስዶ፣ በጡጫ የቆጠረውን ዲግሪ ከዚህ ማካፈል ጋር ቢያስተያይ ሒሳቡን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለምደዋል።